አምስቱ የጉበት ሠራተኞች

የዚያን ቀን በቀትር ከሥራ የተመለስኩት የናሙና ሣጥኑን ቁልፍ ቤት ረስቼው ነው። የምሠራው በአንድ የመኖ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ ከየጆንያው አንዳንድ ጭብጥ እየወሰድኩ በውስጡ ያለውን ፕሮቲን እለካለሁ። ሥራው ብዙ ንግግር አይጠይቅም፣ እኔም ብዙ ንግግር የለኝም፤ ስለዚህ ተስማምተን እንኖራለን።

የግቢውን በር ገፍቼ ስገባ አከራዬ ከቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዶሮ ይነጫሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ላባ ለብሷል። ምራታቸው ከወለደች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር፤ ይህችም ለእሷ የታረደች አምስተኛ ዶሮ ነበረች።

«ምነው በቀን መጣሽ? አባረሩሽ እንዴ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ኧረ የለም እማማ፤ ቁልፍ ረስቼ ነው።»

«ቁልፍ ብቻ ከሆነ ደህና ነው። እኔስ ምላስሽንም እዚሁ ትተሽው የምትሄጂ ነበር የሚመስለኝ።»

እንዲህ ይቀልዱብኛል። በግቢያቸው ተከራይቼ በኖርኩባቸው ሁለት ዓመታት ከሰላምታ ያለፈ ነገር ስናገር ሰምተውኝ እንደሆነ እንጃ። እሳቸው ግን በንግግር አይታሙም። ባላቸው ሲሞቱ የአራት ዓመት ልጅና ሃያ ቄብ ዶሮ ብቻ ነበር የቀራቸው። ዛሬ ከግቢው ጀርባ ባለው ረጅም ቤት ውስጥ ስድስት መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏቸው፤ ያ ልጅም አድጎ እንቁላሉን በገዛ መኪናው ለየሱቁ ያከፋፍላል። ስለ ዶሮ ከእሳቸው ጋር የሚከራከር የለም። ስለ ሰውም ቢሆን ብዙ አያስከራክሩም።

«ዛሬስ እንዴት ዋለች?» ስል ጠየቅሁ።

መንጨታቸውን አቆሙ። «ምኑን ዋለች! ስታንቀላፋ፣ ስትባንን፣ የማይያያዝ ነገር ስታወራ። የበላችውን ትመልሰዋለች። ጠዋት ሕፃኗን ታቅፌላት ብገባ ‹አንቺ ማነሽ?› አለችኝ። እኔን! ሦስት ዓመት ሙሉ ‹እማዬ› ስትለኝ የኖረች ልጅ።» ድምፃቸው ሊሰበር አለና መልሰው አጠነከሩት። «ደሟ ፈስሶ ሰውነቷ ባዶ ሆኖ ነው። በዚያ ላይ ብርድ መታት። የሚያድናት ሥጋ ነው። የጠዋቱ ሾርባ እዚያ እሳት ላይ አለ፤ አራት እንቁላል መትቼበታለሁ። ልጄ ይምጣና ይያዝልኝ እንጂ በግድም ቢሆን አጠጣታለሁ። ይህችኛዋ ደግሞ ለማታ ናት።»

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ይህን ሕመም ከዚያ ቀን በፊት ጠርጥሬው ነበር። ምራታቸውን ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ አልፎ አልፎ አገኛት ነበር፤ አንድ ቀን፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሥጋና እንቁላል ስበላ ራሴን ይይዘኛል፣ ያቅለሸልሸኛል፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት፣ ትቀየመኛለች» ብላኛለች። እውነትም አማቷ «ጥንቸሏ» ይሏት ነበር፤ በእንቁላል ቤት ገብታ ቅጠል ብቻ የምትበላ እያሉ። ከወለደች በአምስተኛው ቀን ማስመለስ መጀመሯን ስሰማ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የተማርኩት አንድ ምዕራፍ ትዝ አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ አነበብኩት። ከዚያ ዘጋሁት። የመኖ ፕሮቲን የምለካ ሰው ስለ አራስ ምን አገባኝ? አከራዬስ ምን ይሉኛል? ይሉኝታ ያዘኝ። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ አራት ቀን ዝም አልኩ። ዝምታዬ ባይነቅዝም፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ያለችው ሴት ግን እየባሰባት ነበር።

«ገብቼ ልያት?» አልኩ።

ገረማቸው። «ግቢ፤ በሩን ግን ቶሎ ዝጊው፣ ብርድ እንዳይገባ።»

የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል። ሕፃኗ ከአልጋው አጠገብ በቅርጫት ውስጥ ተኝታለች፤ ትንፋሿ የሰከነ፣ ጉንጯ ሞላ ያለ ነበር። እናቲቱ ትራስ ተደግፋ ዐይኗን ከፈት አድርጋ ትመለከተኛለች፤ ያየችኝ ግን አልመሰለኝም። በስሟ ጠራኋት። ቆይታ ዞር አለች።

«እጅሽን ወደፊት ዘርጊልኝ፤ እንዲህ፣ መኪና እንደሚያቆም ሰው።»

እንደ ምንም ዘረጋችው። መዳፏ ለአፍታ ጸና፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወደቀ። ክንፍ ይመስል ነበር። በምዕራፉ ውስጥ ይህም ተጽፏል።

«በሩን የዘጋው ማነው?» አለች በቀስታ። «ባቡሩ እኮ ሄደ።»

በአካባቢያችን ባቡር የለም።

ወጥቼ ከአከራዬ ፊት ቆምኩ። «እማማ፣ ሾርባው ይቆይ።»

«ምን አልሽ?»

«ሥጋውም እንቁላሉም ይቆይ። አሁኑኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ።»

ዶሮዋን ሳፋው ውስጥ ጣሏትና በደረቀ ፊት ተመለከቱኝ። «ሐኪም አይቷት የለም እንዴ! ከትናንት ወዲያ ጤና ጣቢያ ወስደናት፣ ትኩሳት የላትም፣ ስኳሯም ደህና ነው፣ የወሊድ ድካም ነው፣ በደንብ አብሏት ብሎ መለሰን። አንቺ ከሐኪም ትበልጫለሽ?»

«አልበልጥም። ሐኪምም አይደለሁም፤ ልሳሳትም እችላለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አልለኩላትም። ያልለኩትም ማናችንም ስላልነገርናቸው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሥጋ እንደማይስማማት አላወቁም።»

«ሥጋ አለመውደድ ደግሞ መቼ በሽታ ሆነ? መቅበጥ ነው እንጂ!»

«ሥጋ ስንበላ ሆዳችን ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርዎት? ከዚያ በኋላ ይቆጡኛል።»

«ንገሪኝ፤ ዛሬ ምላስሽን አምጥተሽ የለ!» አሉ፤ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። ዐይናቸው ግን እሳቱ ላይ ወዳለው ድስት ይመላለስ ነበር።

«ከሥጋና ከእንቁላል ሰውነታችን የሚፈልገውን ይወስዳል። የተረፈው ሲፈርስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። የዶሮ ቤቱ ጉዝጓዝ ሲረጥብ ዐይንዎን የሚያቃጥልዎት ሽታ እሱ ነው።»

«ያ ክርፋት በሰው ገላ ውስጥ? ወግጂ!»

«በሁላችንም ውስጥ አለ። አሁን ቆመን ስናወራ እንኳ እየተሠራ ነው። የማይጎዳን በጉበታችን ሕዋሳት ውስጥ እንደ መዘውር የሚዞር ሥራ ስላለ ነው። በመዘውሩ ዙሪያ አምስት ሠራተኞች ቆመዋል ይበሉ፤ ኢንዛይም ይባላሉ። አንዱ ለቀጣዩ እያቀበለ መርዙን ይለውጡታል። መጨረሻ ላይ ዩሪያ ይሆንና በሽንት ይወጣል።»

«ዩሪያ? ማዳበሪያው?»

«ራሱ።»

ሳያስቡት ሳቁ። «እንዲያ ከሆነ ሁላችንም ሆዳችን ውስጥ የማዳበሪያ ፋብሪካ ይዘን ነው የምንዞረው! መንግሥት እንዳይሰማ፤ ኮታ ይጥልብናል።»

ያች ሳቅ አደፋፈረችኝ። «ከአምስቱ አንዱ ሰነፍ ሆኖ የተወለደ ሰው ቢኖርስ እማማ? ጨርሶ የሌለ አይደለም፤ እጁ የሚዘገይ።»

«ሥራ ሲበዛበት ይበረታ የለም? እኔም ሃያ ዶሮ ሳለኝ ሰነፍ ነበርኩ፤ ስድስት መቶ ሲሆኑ በረታሁ። አብልቼ ነው የማበረታታው።»

በውስጤ፣ እኚህ ሴት ቢማሩ ኖሮ አስተማሪዎቼን ያስጨንቁ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነበርና። «በጤነኛ ሰው እንዳሉት ነው። ሥጋ ሲበዛ ጉበት ውስጥ ጠሪ የሚሆን ሌላ ትንሽ ነገር ይሠራል። ‹ሥራ መጥቷል፣ ተነሥ› እያለ የመጀመሪያውን ሠራተኛ ያነቃዋል፤ መዘውሩም ይፈጥናል። ሥጋ ሲያንስ ጠሪው ዝም ይላል፣ መዘውሩም ይረጋጋል። ሰውነት ሥራውን የሚቆጣጠረው እንዲህ ነው። ነገር ግን ከመሐል የቆመው እጁ የማይፈታ ከሆነ፣ ጠሪው ቢጮህ፣ ከፊት ያሉት ቢሮጡ ምን ይፈይዳል? እሱ ጋ ሲደርስ ይከማቻል። የተከማቸው መርዝ ወደ ደም ይመለሳል፣ ከደም ወደ አንጎል። ያን ጊዜ ሰው ያስመልሰዋል፣ ያንቀላፋል፣ የማያውቀውን ያወራል።»

«እስከ ዛሬ እንዴት ኖረች ታዲያ?»

«ሥጋ ባለመብላቷ። መቅበጥ አልነበረም፤ ሳታውቀው ራሷን ስትጠብቅ ኖራለች። ስትወልድ ግን ማሕፀኗ ወደ ልኩ ለመመለስ የራሱን ሥጋ ያፈርሳል፤ ያም ሸክም ነው። በዚያ ላይ ደግሞ…» አቆምኩ። መጨረስ አልነበረብኝም፤ እሳቸው ጨረሱት።

«በዚያ ላይ አምስት ዶሮ።» ፊታቸው ተለወጠ። «በእኔ እጅ ነው የታመመችው ነው የምትዪኝ? ዶሮዬን አርጄ፣ እንቅልፌን አጥቼ፣ የልጄን ሚስት መረዝኳት?»

«እንደዚያ አላልኩም እማማ።»

«ብለሻል! ሁለት ዓመት ትንፍሽ ሳትዪ ኖረሽ፣ አፍሽን የከፈትሽው እኔን ነፍሰ ገዳይ ለማለት ነው? ክፍልሽ ግቢ። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ እንነጋገራለን።»

የማስተዋል ጉድለቴ ታወቀኝ። ለመከራከር የሚያስፈልገው እውነቱን ማወቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚወዱትን ሰው በፍቅራቸው ሲጎዱ የኖሩ ሰዎች እውነቱን ለመቀበል መጀመሪያ ፍቅራቸው እንዳልተካደ ማወቅ አለባቸው። ይህን ለማለት ግን ጊዜ አላገኘሁም፤ የመኪናው ድምፅ ተሰማ፣ ልጃቸው ባዶ የእንቁላል ካርቶኖች ተሸክሞ ገባ።

«መጣህ? ያዝልኝ» አሉት። «ከኋላ ትከሻዋን ደግፈህ ቀና አድርጋት።»

እሱ ካርቶኖቹን አስቀምጦ ተከተላቸው። እኔም ክፍሌ አልገባሁም፤ ከኋላቸው ሄድኩ። ሚስቱን ቀና ሲያደርጋት ጭንቅላቷ ደረቱ ላይ ተንጋለለ። እናቱ ጎድጓዳ ሳህኑን በግራ እጃቸው፣ ማንኪያውን በቀኛቸው ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሾርባው ይተናል። «አፏን ክፈትልኝ» አሉ።

ያን ጊዜ እጄን ዘርግቼ ሳህኑን ከደንኩት።

«እጅሽን አንሺ። ይፈጅሻል።»

«ፈጅቶኛል።»

እንፋሎቱ በጣቶቼ መካከል ይወጣ ነበር።

«እማማ፣ አምና ክረምት ጫጩቶቹ ዐይናቸው አብጦ ሲጨፈን ምን አደረጉ?»

«አሁን ስለ ጫጩት ነው የምታወሪው?»

«ምን አደረጉ?»

«መጋረጃውን ከፈትኩ። ጉዝጓዙን ጠርጌ አወጣሁ። ፋጉሎውን ቀነስኩ።» ስለ ዶሮ ተጠይቀው አለመመለስ አይችሉም።

«ፋጉሎውን ለምን? ፋጉሎ ምርጡ መኖ ነው፤ ከፉርሽካ ሁለት ሦስት እጥፍ ፕሮቲን አለው፣ ራሴ ነኝ የምለካው። የደከመ ጫጩት ኃይል አያስፈልገውም?»

«ኩሱ ይከረፋል ነዋ! ሽታው መውጫ አጥቶ እያፈናቸው፣ በላዩ ላይ ሌላ ሽታ…»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ማንኪያውን አዩት፤ ምራታቸውን አዩ፤ በጨርቅ የተወተፈውን መስኮት አዩ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መጋረጃው ተዘግቶባት ነው የምትዪኝ» አሉ።

«አዎ እማማ። በእርስዎ አይደለም፤ አብሯት የተወለደ ነው። እርስዎ ያደረጉት ማንም እናት የምታደርገውን ነው።»

ይህን ጊዜ ልጃቸው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ» አለ፤ «አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።»

«ዛሬ ሁሉም የሚናገርበት ቀን ነው። በል።»

«ወንድሞች ነበሯት። ሁለት። እሷ ሳትወለድ። ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ተወልደው፣ ጠብተው፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ያዛቸውና አልነቁም። ‹ለእናትህ አትንገር፣ ዘሯ መጥፎ ነው ትለኛለች› ብላ አስምላኝ ነው።»

አከራዬ ሳህኑን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። «እንዲህ ነው የምታስቡኝ?» አሉ። ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ነበረበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እየተባለ፣ እኔን ፈርታችሁ ደበቃችሁት?»

«ይህ ነገር ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል» አልኩ። «ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ይቀልላል፤ ወንዶች ላይ ግን ይከፋል። የወንድሞቿ ነገር ጥርጣሬዬን አጠነከረው። እርግጠኛ የምንሆነው ግን ደሟ ሲለካ ብቻ ነው። ሰዓቱ እየሄደ ነው እማማ።»

ተነሡ። ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ፤ ጥርጣሬ እንዲህ በአንድ ጊዜ አይለቅምና። «ታዲያ በረሃብ ልግደላት? ሥጋ አታብዪ አልሽኝ፤ ባዶ ሆዷን እንዴት ትሂድ?»

«ባዶ ሆዷን አትሂድ። በጉበትም በሌላውም ሕዋስ ውስጥ ሌላ መዘውር አለ፤ ምግብን እያነደደ ጉልበት የሚሰጠን እሱ ነው። ስኳር ካገኘ ስኳር ያነዳል። ካጣ ግን የራሷን ጡንቻ አፍርሶ ወደዚያ ይማግዳል፤ ያም ሥጋ ነው፣ መርዙም ያው ነው። መራብም እንደ ዶሮው ሾርባ ይጎዳታል። ስለዚህ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጧት፤ ነቅታ መዋጥ እስከቻለች ድረስ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ። ካንቀላፋች በአፏ ምንም አይግባ።»

«ስኳር በውኃ» አሉ ለራሳቸው። «ስድስት መቶ ዶሮ ይዤ በስኳር ውኃ!» ቢሆንም በጥብጠው አመጡ።

በመኪናው ውስጥ ልጃቸው ይነዳል፤ እኔ ሕፃኗን ታቅፌያለሁ፤ እሳቸው ምራታቸውን ጭናቸው ላይ ደግፈው በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ ያደርጉላታል። በመንገዱ እኩሌታ ላይ መዋጥ አቆመች። ማንኪያውን ጣሉትና፣ «አትተኚብኝ። ጥንቸሏ፣ አትተኚብኝ፤ ከእንግዲህ ያሻሽን ቅጠል ብዪ» ይሏት ጀመር። ልጃቸው በመስተዋቱ እያየ ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚነዳው።

የድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ሰው ሞልቶታል። ተረኛው ሐኪም ወጣት፣ ዐይኑ የደከመ ነበር። ገና ሲያያት፣ «አራስ ናት? ይህ የአእምሮ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀት ልጻፍላችሁ፣ በዚያኛው ሕንፃ…» አለ።

አንገቴን ደፍቼ ዝም ለማለት ተቃርቤ ነበር። አከራዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ንገሪው! ለእኔ ስትነግሪኝ አልነበር?»

«ዶክተር» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኾ ወጣ። «እባክዎ በደሟ ውስጥ ያለው አሞኒያ ይለካ። ፕሮቲን ከልጅነቷ አይስማማትም። ሁለት ወንድሞቿ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞተዋል። እጇ ይርገበገባል። ደሙ በበረዶ ላይ ተቀምጦ ወዲያው ካልተመረመረ ውጤቱ ይዛባል።»

ብዕሩን አቆመ። እጇን አስዘርግቶ አየ። ከዚያ ነርሷን ጠርቶ በረዶ አስመጣ።

ውጤቱ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አከራዬ በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ሕፃኗን ታቅፈው አንዴ ይቆማሉ፣ አንዴ ይቀመጣሉ። «ካልሆነስ?» አሉኝ አንዴ። «ካልሆነ ሌላ ይፈልጋሉ» አልኳቸው፤ «ተሳስቼም ይሆናል።» «ተሳስተሽ ቢሆን ይሻለኛል ወይስ ልክ ሆነሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ሐኪሙ በሩጫ መጣ። አሞኒያው ከልኩ ሰባት እጥፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። በደም ሥሯ ጠንከር ያለ የስኳር ፈሳሽ ሰጧት። መርዝ የሚሆነውን ትርፍ በሌላ መንገድ፣ ያን ሰነፍ ሠራተኛ ሳያስጠብቅ፣ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ጨመሩበት። ካልወረደላት ደሟ በመሣሪያ ይታጠባል ተባልን። በማግስቱ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ወረደ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አከራዬ ፊቷን በጨርቅ ሲጠርጉላት ዐይኗን ገለጠችና፣ «እማዬ፣ ልጄ ጠባች?» አለች። እሳቸው ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። እንዲህ ዝም ሲሉ አይቻቸው አላውቅም።

በመውጫዋ ቀን ሐኪሙ፣ በቀን የምትበላው ፕሮቲን በሚዛን ተለክቶ እንዲሆን፣ ጾሟን እንዳትውል፣ ሲያማትና ማስመለስ ሲጀምራት ሳትዘገይ እንድትመጣ፣ ሕፃኗም እንድትመረመር አዘዘ። አከራዬ የመኖ ሚዛናቸውን ለማምጣት ፈልገው ነበር፤ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዛንላቸው። አሁን ወጥ ቤታቸው ውስጥ የእያንዳንዱን ምግብ ልክ ከፋጉሎ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ይመዝናሉ። በሰፈሩም አንድ አዲስ ልማድ አምጥተዋል። ቀድሞ ልጅ «አልበላም» ካለ ጆሮውን ይዘው ያጎርሱት የነበሩ ሴት፣ ዛሬ መጀመሪያ፣ «ስትበላው ምን ይሰማሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። አብዛኛው በእርግጥ ቅብጠት ነው፤ ያን ጊዜ ያጎርሱታል። ጥያቄው ግን ምንም አያስከፍልም። የማያስከፍለው ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ፣ አንዲት እናት ለዘጠኝ ቀን ባልተመረዘች ነበር። ለሐኪም የቤተሰብን ሞት መንገር አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያው ሞት እንዲደገም መተው ነው። እኔም ከዚህ ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ ያወቀ ሰው ዝም ሲል ካላወቀው ይልቅ ጥፋቱ ይከብዳል።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። የምራታቸው ታናሽ እህት የስምንት ወር እርጉዝ መሆኗን የሰማነው ሚዛኑ በተገዛ በሳምንቱ ነው። ስልክ የደወልነው ከወጥ ቤቱ ነው፤ አከራዬ ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እኔና ምራታቸው ከጎን ተቀመጥን። ያነሡት የሁለቱ እህትማማቾች እናት ነበሩ።

«ሆስፒታል ትውለድ» አሉ አከራዬ። «ከዛሬ ጀምረው ይወቋት፤ ልጁም እንደ ተወለደ ደሙ ይለካ።»

«ልጄ ቤቷ ትወልዳለች» አሉ እናትየዋ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «እኔ እይዛታለሁ። ሐኪም የሞተ አያስነሣም፤ እኔ ሁለት ቀብሬያለሁ።»

«እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ሥጋ ነው የሚያድናት ብዬ በገዛ እጄ ልገድላት ነበር። ጉበቷ ውስጥ አምስት ሠራተኞች አሉ፤ አንዱ እጁ የዘገየ ነው። ያንቺም ወንዶች ልጆች ይኸው ነበር የያዛቸው ይላሉ። ሁሉም ይድናል ብዬ አልዋሽሽም፤ ይህች ተከራዬ እንዳልዋሽ ነግራኛለች። ቀድሞ ከታወቀ ግን ከመጀመሪያዋ ሰዓት በስኳርና በመድኃኒት ይይዙታል። በሦስተኛው ቀን ተኝቶ እንዳይቀር ዕድል ያገኛል።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎን አየነው። ከዚያ ያ ደረቅ ድምፅ ተለውጦ፣ እንደ ልጅ ቀጥኖ መጣ።

«ታዲያ ወተቴ አልነበረም?»

አከራዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ሠላሳ ዓመት፣ ‹ወተትሽ ነው የገደላቸው› ሲሉኝ ኖርኩ። አማቴ፣ ጎረቤት፣ ሲጠጣ ደግሞ ባሌ። ሴቶቹን እንኳ ፈርቼ ነው ያጠባኋቸው።»

አከራዬ ተመለከቱኝ። ይህን በምዕራፉ ውስጥ አላነበብኩትም። ቢሆንም መልሱን አውቀው ነበርና ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ ተናገርኩ። «ወተትዎ ጥሩ ወተት ነበር እማማ። ልጆቹ ሊሸከሙት አልቻሉም፤ የሌላ የማንም እናት ወተት ቢሆንም አይችሉትም ነበር። ሕመሙ ከእናት ይወርዳል፤ እርስዎም ከእናትዎ ወርሰውት ይሆናል። የመረጠው ሰው የለም። የሚያስቀጣ ጥፋት የለበትም።»

«ሰማሽ?» አሉ አከራዬ። «ጥሩ ወተት ነበር።»

ምራታቸው አፏን በመዳፏ ይዛ ታለቅስ ነበር። በስልኩ ውስጥ ያለው ልቅሶ ግን ድምፅ አልነበረውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው። ቆይተው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ሆስፒታሉ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አሉ።

«አይዘጋም እህቴ» አሉ አከራዬ። «ይዘሻት ነይ።»